የድሮና ያገለገለ የመነጽር ፍሬም፦ ስለ ግዢውና ስለ አያያዙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ ፍሬም የሚወዱ ሰዎች የሚጠይቁት ነገር ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። አንዱ የአባቱን መነጽር ከመሳቢያ አውጥቶ ሌንስ ሊያስገባበት ይፈልጋል። ሌላዋ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ አንድ ወርቃማ ፍሬም አይታ ልግዛው አልግዛው እያለች ነው። የእኔ አቋም ከመጀመሪያው ይታወቅ፦ የድሮ ፍሬም የሚገዛው ፊታችሁ ላይ ልክ ስለሆነና ጤነኛ ስለሆነ ነው። የአምራቹ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሌንሱ ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኳቸው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

አዲስ ፍሬም ሞልቶ የድሮ ለምን እገዛለሁ?

ዛሬ «አዲስ ፋሽን» ተብለው ከሚሸጡት ቅርጾች ብዙዎቹ የድሮዎቹ ቅጂ ናቸው። ከላይ እንደ ቅንድብ ወፍራም፣ ከታች ቀጭን ብረት የሆነውን ዓይነት ታውቁታላችሁ፤ ማልኮም ኤክስ ፎቶዎቹ ላይ የሚታይበት ነው። እሱን ሹሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1947 ሮንሰር ብሎ ነው ያወጣው። ዌይፋረር የተባለው የሬይባን የፀሐይ መነጽር ደግሞ የ1952 ሥራ ነው። ኦርጅናሉ በተመጣጣኝ ዋጋ ከተገኘ ቅጂውን ለምን ትገዛላችሁ?

ዋናው ምክንያት ግን ጥገናው ነው። በደንብ የተሠራ የድሮ የፕላስቲክ ፍሬም ማጠፊያው በብረት ሚስማር ፕላስቲኩን በስቶ የተያዘ ነው፤ ከፊት ለፊት ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ የብረት ነጥቦች ሆነው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ሲላላ ይጠብቃል፣ ሲሰበር ይቀየራል። ብዙ ርካሽ አዲስ ፍሬሞች ላይ ግን ነጥቦቹ ጌጥ ብቻ ናቸው፤ ማጠፊያው በሙቀት ተጣብቆ ነው የገባው፣ አንዴ ከተነቀለ መመለሱ ያስቸግራል።

የአባቴን የድሮ መነጽር ሌንሱን ቀይሬ ማድረግ እችላለሁ?

ብዙ ጊዜ አዎ። ከየትኛውም ገበያ ከሚገዛ ፍሬም ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ማን እንዳደረገውና የት እንደተቀመጠ ታውቃላችሁ። ግን ሌንስ ከማዘዛችሁ በፊት ይመርመር።

ከማጠፊያው ጀምሩ። ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ክንድ ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ዝጉ። ብሎኑ ላልቶ ከሆነ ምንም አይደል፣ በትንሽ ካቻቢቴ ይጠብቃል። ማጠፊያው ራሱ ከፕላስቲኩ ለቅቆ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ጥገና ይፈልጋል። ቀጥሎ ፍሬሙን መብራት ላይ ያዙትና ሌንሱ የተቀመጠበትን ዙሪያ፣ አፍንጫ ላይ የሚያርፈውን መሃሉንና የማጠፊያውን አካባቢ ተመልከቱ። እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የምትጀምረው ከእነዚህ ቦታዎች ነው። ካያችኋት፣ ሌንስ ሲገባ እዚያው ላይ እንደሚሰበር ቁጠሩት።

ጠንካራ የሚመስል ፍሬም ለምን ይሰበራል ለምትሉ፦ አብዛኛው የድሮ ፕላስቲክ ፍሬም አሴቴት ነው። አሴቴት ከጥጥ ወይም ከእንጨት ከሚገኝ ሴሉሎስ ይሠራል፤ እንዲለሰልስ ደግሞ ሌላ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። ያ ማለስለሻ በዓመታት ብዛት ቀስ እያለ ይወጣል። ያኔ ፍሬሙ ይደርቃል፣ በመጠኑም ይኮማተራል። ስለዚህ የመነጽር ባለሙያው «ሲገባ ቢሰበር ኃላፊነት አልወስድም» ቢላችሁ አትቀየሙ፣ እውነቱን እየነገራችሁ ነው። ይልቅ «ፍሬሙን አሙቀው ነው ሌንሱን የሚያስገቡት?» ብላችሁ ጠይቁ። የድሮ ፍሬም ይዞ የማያውቅ ባለሙያ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ እዚህ ላይ መቻኮል ፍሬሙን ያስከፍላችኋል።

ለባለሙያው አስቀድማችሁ ልትነግሩት የሚገቡ ሁለት የፕላስቲክ ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ሴሉሎይድ ነው፤ በተለይ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የተሠሩ ፍሬሞች ላይ ይገኛል። በጣትዎ አጥብቀው ሲያሹት ቪክስ የሚመስል የካምፎር ሽታ ይሰጣል። እሳት በቀላሉ ይይዛል፣ ስለዚህ ሙቀት አይወድም። ሁለተኛው በ1960ዎቹ ኦስትሪያ ውስጥ የተፈለሰፈው ኦፕቲል ነው፤ የዚያን ዘመን የካሬራና የክርስቲያን ዲዮር ፍሬሞች ላይ በብዛት ታዩታላችሁ። በጣም ቀላል ነው፣ ሲሞቅ ወደተቀረጸበት ቅርጽ ይመለሳል። እንደ አሴቴት ሳይሞቅ ልጠምዝዘው ካሉ ግን ቀጭ ይላል።

ልኬን እንዴት አውቃለሁ? በተለይ በኢንተርኔት ስገዛ?

አሁን የምታደርጉትንና የተመቻችሁን መነጽር አውልቁና የክንዱን የውስጥ ጎን እዩ። 48፣ ከዚያ ትንሽ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ 20፣ ራቅ ብሎ ደግሞ 140 የሚመስል ነገር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሁሉም በሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያው የአንዱ ሌንስ ስፋት፣ ሁለተኛው በሁለቱ ሌንሶች መካከል አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ክፍተት፣ ሦስተኛው የክንዱ ርዝመት ነው። የድሮ የአሜሪካ ፍሬም ላይ የክንዱ ርዝመት በኢንች ሊጻፍ ይችላል፤ 5 3/4 ካያችሁ ወደ 146 ሚሊሜትር ነው።

ከሦስቱ በጣም የምትጠነቀቁለት ለአፍንጫው ቁጥር ነው። የብረት ፍሬም ላይ የአፍንጫ ጎማዎቹን ማጥበብና ማስፋት ይቻላል። ጎማ በሌለው የፕላስቲክ ፍሬም ግን መሃሉ በቀጥታ አፍንጫችሁ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከጠበበ ከፍ ብሎ ቅንድብ ይነካል፣ ከሰፋ ይንሸራተታል፣ ቀኑን ሙሉ በጣት ስትገፉት ትውላላችሁ። ሻጩ «ይስተካከላል» ቢላችሁ በዚህኛው ላይ አትመኑት።

ሌላ የሚረሳ ሒሳብ አለ። የዓይን ምርመራ ስታደርጉ በሁለቱ ብሌኖቻችሁ መካከል ያለውን ርቀት አስለኩና በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ፒዲ የሚሉት ነው። አዋቂ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ከ54 እስከ 74 ሚሊሜትር ይሆናል። ከዚያ የፍሬሙን ሁለት ቁጥሮች ደምሩ፦ 48 እና 20፣ 68። የእናንተ ርቀት 64 ከሆነ ልዩነቱ 4 ብቻ ነው፣ ጥሩ ነው። ፍሬሙ 58 እና 18 የሆነ የ1980ዎቹ ትልቅ ፍሬም ከሆነ ግን ድምሩ 76 ይመጣል፣ ልዩነቱ 12። ዓይናችሁ ከሌንሱ መሃል በጣም ወደ አፍንጫ ይጠጋል፤ ሩቁን አጥርታችሁ የማታዩ ከሆናችሁ ደግሞ የሌንሱ የውጭ ጠርዝ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ይወፍራል። ቁጥራችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ትንንሽና ክብ የድሮ ፍሬሞች ለእናንተ ናቸው።

ለሩቅም ለቅርብም በአንድ ሌንስ የምትጠቀሙ ሰዎች ተቃራኒው ነው። ሌንሱ ከላይ እስከ ታች በቂ ቁመት ያስፈልገዋል፤ ከ30 ሚሊሜትር በታች የሆነ ፍሬም ከመግዛታችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ።

የት ነው የሚገኘው?

መጀመሪያ ቤት ውስጥ። ቆራሌው ሳይወስደው የአያቶችን መሳቢያና ሻንጣ እዩ። ቀጥሎ የቆዩ መነጽር ቤቶች ግቡና «ሳይሸጥ የቀረ የድሮ ፍሬም አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም አድርጎት የማያውቅ፣ ከነስያሜ ወረቀቱ መጋዘን የቀረ ፍሬም ከሁሉም ይሻላል፤ ብዙ ሰው ስለማይጠይቅ ብቻ ነው ሳጥን ውስጥ የሚከርመው። አዲስ አበባ ላይ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ ካሉ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ጋር መጠየቅም አይከፋም፣ ግን እዚያ ዓይናችሁ ሹል ይሁን።

አሜሪካ ያላችሁ የሰልባጅ መደብሮችን፣ እንዲሁም ሰው ሲሞት ወይም ቤት ሲቀይር ዕቃው በሙሉ የሚሸጥባቸውን የቤት ውስጥ ሽያጮች ተከታተሉ። ለንደን የፖርቶቤሎ ገበያ ቅዳሜ፣ ሮም ፖርታ ፖርቴዜ እሁድ ጠዋት፣ እስራኤል ደግሞ የያፎ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። በኢንተርኔት ከሆነ የማጠፊያውን፣ የክንዱን የውስጥ ጽሑፍና የአፍንጫውን መሃል ቀረብ ያለ ፎቶ ጠይቁ። ፎቶ ለመላክ የሚያንገራግር ሻጭ ይቅርባችሁ።

ኦርጅናል ይሁን ፎርጅድ በምን ልለይ?

ሁሉንም የሚለይ አንድ ምልክት የለም፤ ታሪኩና ጽሑፉ እርስ በርሱ ይጣጣም እንደሆነ ነው የምታዩት። ሬይባንን ለምሳሌ ውሰዱ። ከ1937 ጀምሮ የአሜሪካው ባውሽ ኤንድ ሎምብ ነበር የሚሸጠው፤ በ1999 የጣሊያኑ ሉክሶቲካ ገዛው። በአሜሪካኖቹ ጊዜ የተሠሩ ብዙ ሌንሶች ላይ፣ ጠርዛቸው አካባቢ፣ በጣም ትንሽ «ቢ ኤል» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጸውባቸዋል። ከሽያጩ በኋላ «አር ቢ» ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው «የ1970ዎቹ ነው» ብሎ «አር ቢ» የተቀረጸበትና ጣሊያን ተሠራ የሚል ፍሬም ቢያቀርብላችሁ፣ ዕቃው ኦርጅናል ቢሆን እንኳ ዕድሜው ውሸት ነው። የ1970ዎቹን ዋጋ አትክፈሉበት።

ሌላው የአውሮፓ ገበያ ማረጋገጫ የሆነው «ሲ ኢ» የሚለው ምልክት ነው። ይሄ ምልክት መነጽር ላይ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። የ1960ዎቹ ነው የተባለ ፍሬም ላይ ካገኛችሁት ሻጩ ወይ አላወቀም ወይ እያወቀ ነው። ካርቲየርና ካዛል የተባሉት ውድ ስሞች ደግሞ በጣም ስለሚፎረጁ፣ ጀማሪ ሰው ከማያውቀው ሻጭ ባይገዛቸው እመርጣለሁ። ስም የሌለው ግን ወፍራም፣ ማጠፊያው ጥብቅ፣ ፊታችሁ ላይ ልክ የሆነ የፈረንሳይ ወይም የጀርመን ፍሬም ከፎርጅድ ካርቲየር በብዙ ይበልጣል።

«12 ካራት ወርቅ ነው» አሉኝ። እውነት ነው?

በከፊል። የድሮ የአሜሪካ የብረት ፍሬሞች፣ በተለይ አሜሪካን ኦፕቲካልና ሹሮን፣ በአፍንጫው መሃል ወይም በክንዱ ላይ 1/10 እና 12 የሚሉ ቁጥሮች ከሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጋር ተቀርጾባቸዋል። ትርጉሙ ከብረቱ ክብደት አንድ አሥረኛው ባለ 12 ካራት ወርቅ ልባስ ነው ማለት ነው። 12 ካራት ደግሞ ራሱ ግማሹ ብቻ ነው ወርቅ። በወርቅ ዋጋ አትግዙት። ግን ልባሱ ከዛሬው ቅብ በጣም ስለሚወፍር ለዓመታት አይለቅም፣ ለዚያ ሲባል ጥሩ ግዢ ነው።

ከእውነተኛ የኤሊ ቅርፊት የተሠራ ነው ቢሉኝስ?

ተዉት። ከባሕር ኤሊ የተሠራ ዕቃ ከ1977 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለንግድ ድንበር እንዳይሻገር ተከልክሏል። ኢትዮጵያም አሜሪካም የስምምነቱ አባል ናቸው። ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል። እንደ እድል ሆኖ ኤሊ የሚመስሉት አብዛኞቹ ፍሬሞች አሴቴት ናቸው።

ውስጡ ያለውን ሌንስ እንዳለ ብጠቀምበትስ?

አይሆንም። የሌላ ሰው ቁጥር ራስ ምታትና ብዥታ ነው ትርፉ። ሌላም አደጋ አለው። አሜሪካ ውስጥ የመነጽር ሌንስ በቀላሉ እንዳይሰበር የሚያስገድደው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በ1972 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ሌንስ ተራ ብርጭቆ ሊሆን ይችላል። ኳስ ቢመታችሁ ወይም ብትወድቁ ስባሪው ወደ ዓይን ነው። ለልጅ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

የድሮ የፀሐይ መነጽርም ጥቁር ስለሆነ ብቻ ይከላከላል ማለት አይደለም። ጥቁረቱ ብርሃን ይቀንሳል፣ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚያግደው ግን ሌላ ነገር ነው። መነጽር ቤት ውሰዱትና በመለኪያ ይዩላችሁ፤ ደቂቃ አይፈጅም። ጨረሩን እስከ 400 ናኖሜትር (የጨረር ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) ድረስ የማያግድ ከሆነ ሌንሱን ቀይሩ፣ ፍሬሙን አስቀሩ።

በምን ላጽዳው?

ለብ ያለ ውኃና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። በቃ። ማጠፊያውንና የአፍንጫውን አካባቢ በለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ አሹት፣ አለቅልቁት፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አድርቁት። ሰው ያደረገው ፍሬም ሲገዛ የአፍንጫ ጎማዎቹ ሁልጊዜ ይቀየሩ፤ ርካሽ ናቸው፣ የሰው ላብና ቆሻሻ የሚከማቸውም እነሱ ውስጥ ነው።

አሴቶን ያለው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቴትን ያቀልጠዋል። አልኮል ያደበዝዘዋል። የመስኮት ማጽጃ የሌንሱን ቅብ ይልጣል። የጥርስ ሳሙና የወርቅ ልባሱን ይፍቃል። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ በደረቁ መጥረግ ደግሞ ሁላችንም የለመድነው ነው፣ ግን አቧራውን ሌንሱ ላይ እየፈጫችሁት ነው። ቢያንስ መጀመሪያ ውኃ ይንካው።

ፀጉራችሁን ቅቤ ወይም ቅባት የምትቀቡ ከሆነ መነጽሩ ቅቤው ከጠጣ በኋላ ይደረግ። ሽቶና የፀጉር ስፕሬይም እንዲሁ። ጆሮ አካባቢ ያለው የፕላስቲክ ጫፍ ነጣ ብሎ የሚሻክረው ብዙ ጊዜ በላብና በቅባት ነው። ላዩን ብቻ ከሆነ ባለሙያ በፖሊሽ ማሽን ያበራዋል።

ፍሬሙ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ምንድነው?

አሴቴቱ እየበሰበሰ ነው። ሲፈርስ የሚወጣው አሴቲክ አሲድ ነው፣ የኮምጣጤው ሽታ እሱ ነው። አይድንም፣ ሌሎች ፍሬሞች አጠገብ ካስቀመጣችሁት እነሱንም ያፋጥናቸዋል። ለይታችሁ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ አኑሩት። ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ አትግዙት።

የብረቱ ፍሬም አረንጓዴ ነገር አወጣ፣ አፍንጫዬንም ያሳክከኛል።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አረንጓዴው መዳብ ያለበት ብረት ከላብ ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ነው፤ በሳሙናና በብሩሽ ይለቃል፣ ጎማዎቹንም ቀይሩ። ማሳከኩና መቅላቱ ከጽዳት በኋላም ከቀጠለ ግን የኒኬል አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ የድሮ የብረት ፍሬሞች ኒኬል አላቸው። እንዲህ ከሆነ የፕላስቲክ ወይም የታይታኒየም ፍሬም ፈልጉ፣ ቆዳችሁንም ለሐኪም አሳዩ። ጌጣጌጥ የሚያሳክካችሁ ሰዎች ከመጀመሪያውም ወደ ብረቱ አትሂዱ።

ጠበበኝ ወይም ጠመመብኝ። ቤት ውስጥ አሙቄ ላስተካክለው?

እኔ አልመክርም። ባለሙያዎች አሴቴትን በሞቀ አየር ወይም በሞቀ ደቃቅ ጨው ውስጥ አስገብተው፣ ቀስ በቀስ፣ እጃቸው እያወቀው ነው የሚያጥፉት። ሻማና ምድጃ ላይ ያሞቀ ሰው አረፋ ያወጣ ወይም የተቃጠለ ፍሬም ነው የሚተርፈው፤ ሴሉሎይድ ከሆነ ደግሞ እሳት ይነሳል። ማስተካከል ብዙ መነጽር ቤት በትንሽ ዋጋ የሚሠራው ነገር ነው፣ ደንበኛ ከሆናችሁ በነፃም ያደርጉላችኋል።

ሙቀትን ካነሳን፣ መነጽር መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይተውም። በተለይ ዱባይ፣ ሪያድና ኩዌት ያላችሁ፣ በበጋ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ባለሙያው ፍሬም ለማጠፍ ከሚጠቀምበት ሙቀት ብዙም አያንስም። ቀጥ ብሎ የነበረው ክንድ ጠሞ ይጠብቃችኋል።

ተሰበረ። ሱፐር ግሉ ልጠቀም?

በፍጹም። ሲደርቅ ድርቅ ይላል፣ እንደገና ይሰበራል፣ ትነቱ ሌንሱን ያነጣዋል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በኋላ በትክክል ሊጠግነው ለሚችለው ሰው መንገድ ይዘጋበታል። ስባሪዎቹን ሁሉ፣ ትንሿን ቅንጣት ሳትቀር፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ። አሴቴት በማቅለጫ ፈሳሽ እርስ በርሱ ተዋህዶ ይጣበቃል።

የብረት ፍሬም ከሆነ ወርቅ ሠሪ ጋር ሂዱ። ቀለበትና ሐብል የሚበይድ እጅ የመነጽር ክንድም ይበይዳል፣ ብዙ ሰው ግን ይሄ ትዝ አይለውም። ከእሳቱ በፊት ሌንሱና ጎማዎቹ ይውጡ። ታይታኒየምና አሉሚኒየም ግን በተራ ብየዳ አይያዙም፤ ስለ ብረቱ ዓይነት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ያገለገሉ መነጽሮች ሰብስቤ አገር ቤት ላሉ ዘመዶች ልላክ?

ፍሬሙን ላኩ፣ ሌንሱን አትቁጠሩት። የአንድ ሰው የመነጽር ማዘዣ የቀኝና የግራ ዓይን ቁጥር፣ የሲሊንደር (የዓይን ፊት ኩርባ መዛባትን የሚያስተካክለው ቁጥር) መጠንና አቅጣጫ፣ የብሌኖች ርቀት ሁሉ ተደምሮ ነው፤ የእናንተ አሮጌ መነጽር ከእትዬ ዓይን ጋር በአጋጣሚ መገጣጠሙ የማይታሰብ ነው። ልጅ ከሆነ ደግሞ በግምት የተሰጠ መነጽር ትክክለኛውን ምርመራ ያዘገያል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ለልጅ ዓይን ውድ ነው። የሚጠቅመው ጠንካራ ፍሬም ከነሳጥኑ ልኮ የምርመራና የሌንስ ወጪውን አብሮ መላክ ነው። ከፍሬሙ ጋር ትርፍ ብሎኖችና የአፍንጫ ጎማዎች ብትጨምሩ ይመሰገናል።

የማላደርገውን ፍሬም እንዴት ላስቀምጥ?

ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ክንዶቹ ታጥፈው፣ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ። የሳጥኑን ክዳን በየጊዜው እየከፈታችሁ አየር ስጡት። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይሆኑም፣ እንፋሎትና ሙቀት አለ። ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከፀሐይ የራቀ መሳቢያ ይበቃል። ስታወጡት በሁለት እጅ ክፈቱት፤ በአንድ እጅ መክፈት አንዱን ማጠፊያ ብቻ ያደክማል። ብሎኑ ላይ አንዲት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አድርጉና የተረፈውን ወዲያው ጥረጉት።